ልብ ሳይገኝ የሚሰገድ ሶላት ዋጋ አለውን?

በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል በነርስነት የምታገለግል እህት የላከችው ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ አምስቱን ወቅት ሶላት እሰግዳለሁ። ከጊዜ ወዲህ ግን ምላሴ ሲቀራ ልቤ ሌላ ቦታ ነው፤ ስንተኛው ረከዓ (የሶላት ዙር) ላይ እንዳለሁ እንኳ ይጠፋኛል። አንዲት ጓደኛዬ ‹ልብ የሌለበት ሶላት ተቀባይነት የለውም፤ ልብሽ እስኪመለስ ብታቆሚው ይሻላል› አለችኝ። በዚያ ላይ በሥራ ፈረቃ ምክንያት የአንዳንዱ ሶላት ወቅት ያልፍብኛል። ለመሆኑ የሶላት ትርጉሙ ምንድን ነው? እንዲህ ያለው ሶላቴስ ዋጋ አለው ወይ?»

ምላሽ፦

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው፤ የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሃቦቻቸው ላይ ይሁን።

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ መልሱን ላስቀምጥልሽ፦ ሶላትሽን አታቁሚ። የጓደኛሽ ምክር ከቅን ልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ አድርጎ ስለያዘ መጨረሻው ከባድ ጥፋት ነው። አንደኛው ጉዳይ የሶላት ግዴታ ከአንቺ ላይ ወርዷል ወይስ አልወረደም የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሰገድሽው ሶላት ምን ያህል ምንዳ ተጽፎልሻል የሚለው ነው። በአብዛኞቹ የፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) ሊቃውንት ዘንድ ቅድመ ሁኔታዎቹን አሟልቶ፣ ማዕዘኖቹንም (ዋና ዋና ክፍሎቹንም) ጠብቆ የሰገደ ሰው ሐሳቡ በመካከል ቢበተን እንኳ ግዴታውን ተወጥቷል፤ ሶላቱን ድገም አይባልም። የምንዳው መጠን ግን እንደ ልቡ መገኘት ይለያያል።

ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ ዐማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትና የሐዲስ ሰብሳቢው አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ (የነቢዩ ንግግር ዘገባ) ነው። በሐዲሱ መሠረት አንድ ሰው ሶላቱን ጨርሶ ሲሄድ ከሶላቱ አንድ አሥረኛው፣ ወይም አንድ ዘጠነኛው፣ ወይም አንድ ስምንተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ ይጻፍለታል። ይህ ሐዲስ ብዙ ጊዜ ለማስፈራሪያነት ሲጠቀስ ይሰማል። እኔ ግን ለአንቺ የምጠቅሰው በውስጡ ላለው ተስፋ ነው፤ አንድ አሥረኛው ብቻ የተጻፈለት ሰው እንኳ ተጽፎለታል፤ ሶላቱ በፊቱ ላይ ተወረወረበት አልተባለም። ያቆመ ሰው ግን የሚጻፍለት አሥረኛ የለውም፤ ይልቁንም ከሁለቱ ምስክርነቶች ቀጥሎ ትልቁን ግዴታ በመተው ይጠየቃል። በሌላ ሐዲስ እንደተነገረው በትንሣኤ ቀን ባሪያው ከሥራው መጀመሪያ የሚመረመረው በሶላቱ ነው። ግዴታ ሶላቱ ጎድሎ ሲገኝ ደግሞ አላህ «ባሪያዬ ተጨማሪ የሱና ሶላት እንዳለው ተመልከቱ» ይልና ጉድለቱ በዚያ ይሞላል። ጉድለት የሚሞላው ግን ጎዶሎም ቢሆን ሶላት ሲኖር ነው።

ምናልባት ጓደኛሽን ያስፈራት በአል-ማዑን ምዕራፍ «ወዮላቸው ለሰጋጆች፤ ለእነዚያ ከሶላታቸው ዘንጊዎች ለሆኑት» የሚለው ቃል ይሆናል። ቀደምት የተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ሊቃውንት ይህን ሲያብራሩ ሶላትን ከወቅቱ የሚያሳልፉ፣ ወይም ሰው ሲያያቸው እየሰገዱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚተዉ ሰዎች ናቸው ብለዋል። ምዕራፉ ራሱ ወዲያው ቀጥሎ «እነዚያ ለታይታ የሚሠሩ፣ ጥቃቅን እርዳታንም የሚከለክሉ» በማለት ማንነታቸውን ይገልጣል። ማስጠንቀቂያው የተነገረው ለሶላት ግድ ለሌለው ሰው ነው። አንቺ ግን ልብሽ በመጥፋቱ አዝነሽ እስከ መጠየቅ ደርሰሻል፤ ማዘንሽ በራሱ ግድ እንደሚልሽ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንምጣ። ቁርኣን የሶላትን ዓላማ በአጭር ቃል የነገረን አላህ ሙሳን (ዐ.ሰ.) በጡዋ ሸለቆ ባናገራቸው ጊዜ ነው፦ «እኔ አላህ ነኝ፤ ከእኔ በቀር አምላክ የለም፤ ስለዚህ ተገዛኝ፤ ሶላትንም እኔን ለማውሳት ስገድ» (ጣሃ 20፡14)። እንግዲህ ሶላት የሚሰገደው አላህ እንዳይረሳ ነው። ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ረሺ ፍጡር በመሆኑ ማስታወሻው በየቀኑ፣ በቀኑም ውስጥ በየመሐሉ መመላለስ ነበረበት። ይህ ትእዛዝ በእኛ ኡማ (የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች) የተጀመረ አይደለም። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) «ጌታዬ ሆይ፣ ሶላትን አዘውታሪ አድርገኝ፤ ከዘሮቼም» ብለው ለምነዋል፤ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ገና በሕፃንነታቸው «በሕይወት እስካለሁ ድረስ በሶላትና በዘካ አዝዞኛል» ብለዋል፤ ሉቅማንም ልጁን «ሶላትን አስተካክለህ ስገድ» ሲል መክሮታል።

የአምስቱ ወቅት ሶላት የታዘዘበት ሁኔታ ብቻውን የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። ሌሎቹ ግዴታዎች በጂብሪል (ዐ.ሰ.) አማካይነት ወደ ምድር ሲወርዱ፣ ለሶላት ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ወደ ላይ ተወሰዱ። ይህም የሆነው ከሂጅራ (ወደ መዲና ከተደረገው ስደት) በፊት፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ622 በፊት፣ በመካ ሳሉ በሚዕራጅ ሌሊት ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች እንደተዘገበው መጀመሪያ የታዘዘው 50 ሶላት ነበር፤ ሲመለሱ ሙሳን አገኙ፤ ሙሳም የእስራኤልን ልጆች ፈትነው ያወቁ ነቢይ ስለነበሩ «ኡማህ ይህን አይችልም፤ ተመለስና ጌታህን ማቅለያ ለምነው» አሉ። በዚህ መልክ እየተመላለሱ ቁጥሩ ወደ 5 ወረደ፤ በመጨረሻም «እነዚህ አምስት ናቸው፤ በምንዳ ግን ሃምሳ ናቸው» ተባለ። ይህን ታሪክ ባስተዋልኩት ቁጥር ጎልቶ የሚታየኝ ነገር አለ፦ ሃምሳ ጊዜ የሚሰግድ ሰው ከሶላት የሚተርፍ ቀን አይኖረውም። ቀኑን ሙሉ ይወስድ የነበረው ትእዛዝ ወደ አምስት ሲወርድ ክብሩ አልተቀነሰበትም፤ ለሥራ፣ ለቤተሰብ፣ ለእንቅልፍ ቦታ የተለቀቀው በእዝነት ነው። ስለዚህ በአልጋ ላይ ያለን በሽተኛ ስትንከባከቢ የምታጠፊው ሰዓት ከሶላት የተሰረቀ ሰዓት አይደለም፤ አላህ ራሱ የለቀቀልሽ ሰዓት ነው። በተቀሩት አምስቱ ላይ ግን አጥብቆ ጠይቋል፦ «ሶላት በምእመናን ላይ በጊዜያት የተወሰነ ግዴታ ናት» (አን-ኒሳእ 4፡103)። ወቅቶቹንም ጂብሪል በካዕባ አጠገብ ለሁለት ቀን ነቢዩን በማሰገድ አሳያቸው፤ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን በወቅቱ መጀመሪያ፣ በሁለተኛው ቀን ከመግሪብ በቀር ወደ መጨረሻው አካባቢ አሰገዳቸውና «ወቅቱ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው» አላቸው። ይህን ስፋት ወደ ፈረቃሽ ጉዳይ ስንመጣ እንመለስበታለን።

በሶላት ውስጥ አካልም ምላስም ልብም እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ውዱእ (የሶላት ትጥበት) አድርገሽ፣ ወደ ቂብላ (ወደ ካዕባ አቅጣጫ) ዞረሽ፣ እጅሽን አንስተሽ «አላሁ አክበር» ስትይ ትተሽው የመጣሽው ነገር ሁሉ ከአላህ ያነሰ መሆኑን መስክረሻል። ከዚያ መቆም፣ ማጎንበስ (ሩኩዕ)፣ ከፍ ብሎ መቆም፣ በሱጁድ መውደቅ ይከተላል። ከሁሉ የከበረው የአካል ክፍል፣ ግንባር፣ መሬት የሚነካበት ቅጽበት ሰው ለጌታው ከምንጊዜውም የሚቀርብበት እንደሆነ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል፤ ነቢዩም በዚያ ዱዓ እንድናበዛ አዘዋል።

ልብ ከሶላት የሚጠፋበት ዋናው በር ግን በእኔ እምነት በቁርኣን የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በአል-ፋቲሓ ላይ ነው፤ የሚመለስበትም በር ያው ነው። አምስቱ ግዴታ ሶላቶች በድምሩ 17 ረከዓ ናቸው፤ ሱብሒ ሁለት፣ ዙህር አራት፣ ዐስር አራት፣ መግሪብ ሦስት፣ ዒሻእ አራት። በየረከዓው ፋቲሓ ስለሚቀራ አንድ ሙስሊም ሱናውን ሳንቆጥር በቀን ቢያንስ 17 ጊዜ ይደግመዋል። አብዛኞቻችን ይህን ምዕራፍ የያዝነው ገና በልጅነታችን በቁርኣን ቤት፣ በለውሕ ላይ ፊደል እየቆጠርን ነው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ምላሳችን ሳይደክም የሚቀራው ለዚህ ነው። ሆኖም በዚያ ዕድሜ ፊደሉ ቀድሞ ትርጉሙ ለኋላ ይቆየናል፤ ለብዙዎቻችንም እንደቆየ ይቀራል። አድጎ፣ ተምሮ፣ ሙያ ይዞ፣ በቀን 17 ጊዜ የሚናገረውን ቃል መልእክት ያልያዘ ሰው ልቡ ቢሄድበት ሊደነቅ አይገባም፤ ልቡ የሚይዘው ነገር አልተሰጠውም።

ይህን ምዕራፍ ለሶላት የተለየ የሚያደርገው ምን እንደሆነ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሰ ቁድሲ ይነግረናል። አላህ እንዲህ ይላል፦ «ሶላትን በእኔና በባሪያዬ መካከል ሁለት ቦታ ከፍያታለሁ፤ ለባሪያዬም የጠየቀው አለው።» ባሪያው «ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው» ሲል አላህ «ባሪያዬ አመሰገነኝ» ይላል። «እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ በጣም አዛኝ» ሲል «ባሪያዬ አወደሰኝ» ይላል። «የፍርዱ ቀን ባለቤት» ሲል «ባሪያዬ አላቀኝ» ይላል። «አንተን ብቻ እንገዛለን፤ አንተንም ብቻ እርዳታ እንለምናለን» ሲል «ይህ በእኔና በባሪያዬ መካከል ነው፤ ለባሪያዬም የጠየቀው አለው» ይላል። ቀጥተኛውን መንገድ ምራን ብሎ እስከ መጨረሻው ሲለምን «ይህ ለባሪያዬ ነው፤ የጠየቀውም አለው» ይላል። እንግዲህ በእያንዳንዱ አንቀጽ መልስ አለ። ሰባቱን አንቀጾች በአንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ሰው ለመልሱ ቦታ አይተውም። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) የነቢዩን አቀራር ሲገልጹ አንቀጽ በአንቀጽ እየቆሙ ይቀሩ እንደነበር ተናግረዋል። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፦ የሰባቱን አንቀጾች ትርጉም በአማርኛ አጥንተሽ ያዢ፤ ከዚያ በየአንቀጹ ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ቁሚ፤ በዚያች ዕረፍት ውስጥ ጌታሽ የሰጠሽን መልስ አስቢ። ለሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ ከማንኛውም ሌላ ምክር አስቀድሜ የምሰጠው ይህን ነው፤ ከዚህ የሚቀልና ከዚህ የሚጠቅም ስለማላውቅ ነው። ፋቲሓ ሲጸናልሽ በሩኩዕና በሱጁድ የምትይውን፣ ቀጥሎም ተሸሁድን (ተቀምጠሽ የምትይውን የምስክርነት ቃል)፣ ከዚያም ደጋግመሽ የምትቀሪያቸውን አጫጭር ምዕራፎች ጨምሪ።

ሁለተኛው ነገር እርጋታ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው አንድ ሰው ወደ መስጂድ ገብቶ ሰገደና መጥቶ ነቢዩን ሰላም አለ። እርሳቸውም ሰላምታውን መልሰው «ተመለስና ስገድ፤ አልሰገድክምና» አሉት። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ሰውየው «ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ አስተምረኝ» ሲል በሩኩዕ፣ ከሩኩዕ ቀና ሲል፣ በሱጁድ፣ በሁለቱ ሱጁዶች መካከልም አካሉ እስኪረጋ እንዲቆይ አስተማሩት። ልብ በይ፤ «አልሰገድክም» የተባለው አካሉ ያልረጋ ሰው ነው። ልብን ማዘዝ ከእኛ አቅም በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አካልን ማርጋት ግን ሁልጊዜ በእጃችን ነው። አካል ሲረጋ ደግሞ ልብ ቀስ በቀስ ይከተለዋል። ሥራ የሚበዛበት ሰው ሶላቱን ማሳጠር ቢኖርበት የሚቀራውን ምዕራፍ ያሳጥር እንጂ እርጋታውን አይቀንስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው አስረዝመው ሊሰግዱ አስበው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ በእናቱ ላይ እንዳይከብድ ያሳጥሩ ነበር። በሽተኛ የሚጠብቃት ነርስ ከፋቲሓ በኋላ አል-ኢኽላስን ወይም አል-ከውሰርን ቀርታ በእርጋታ ብትሰግድ ከሱናቸው አልወጣችም።

የሐሳብ መበተን በአንቺ የተጀመረ አይደለም። ዑስማን ኢብኑ አቢል-ዓስ (ረ.ዐ.) ወደ ነቢዩ መጥተው «ሸይጣን በእኔና በሶላቴ፣ በቂርኣቴም መካከል ገብቶ ያምታታብኛል» ብለው ከሰዋል። ነቢዩም «ተወው፣ አትስገድ» አላሏቸውም፤ ያ ሲሰማቸው በአላህ እንዲጠበቁና ወደ ግራቸው ሦስት ጊዜ እትፍ እንዲሉ አስተማሯቸው፤ እርሳቸውም ይህን ሲያደርጉ አላህ እንዳስወገደላቸው መስክረዋል። ነቢዩ ራሳቸውም አንድ ጊዜ ጥለት ባለው ልብስ ሰግደው ጥለቱ ዓይናቸውን ስለሳበ ልብሱን ለአቡ ጀህም እንዲመልሱላቸውና በምትኩ ጥለት የሌለውን እንዲያመጡ አዘዋል። ከዚህ የምንማረው ልብን የሚስበውን ነገር አስቀድሞ ማስወገድ የሶላት አካል እንደሆነ ነው። ምግብ ቀርቦ ሳለ ወይም ሽንትና ዓይነ ምድር አጥብቆ እየያዘ መስገድ የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ስልክ ከሁሉ ይብሳል፤ ድምፁን አጥፍተሽ ከዓይንሽ አርቂው።

በዚህ ረገድ ከአገራችን ጋር የተያያዘ አንድ ዘገባ አለ። ሰሃቦች በ615 ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ ሐበሻ ምድር በመጡ ጊዜ ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድም (ረ.ዐ.) ከተሰደዱት አንዱ ነበሩ። ከዚያ በፊት ሰሃቦች ነቢዩ በሶላት ላይ ሳሉ ሰላም ሲሏቸው ሰላምታውን ይመልሱላቸው ነበር። ኢብኑ መስዑድ ከነጃሺ ዘንድ ተመልሰው እንደ ልማዳቸው ሰላም ሲሉ ግን ነቢዩ አልመለሱላቸውም፤ ሲጨርሱም «በሶላት ውስጥ በእርግጥ ሥራ አለ» አሏቸው። በእነዚያ ዓመታት መካከል በሶላት ውስጥ መነጋገር ተከልክሎ ነበርና። ነቢዩ ዝምታውን የገለጹት በሥራ ነው። ዝም ብሎ የሚቆም የሚመስለው ሰጋጅ ሥራ ላይ ነው፤ ሥራውም ከዚያ በኋላ ከሚመለስበት ሥራ ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሽ ሲጠፋሽም መፍትሔው የታወቀ ነው። ሦስት ነው አራት ብለሽ ከተጠራጠርሽ ጥርጣሬውን ጥለሽ እርግጠኛ በሆንሽበት፣ ማለትም በሦስቱ ላይ ቀጥዪ፤ አንድ ረከዓ ጨምረሽ ከማሰላመትሽ (ሶላቱን በሰላምታ ከመዝጋትሽ) በፊት ሁለት የመርሳት ሱጁድ ውረጂ። ይህ ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ የዘገቡት ትምህርት ነው። ሸሪዓው ለመርሳት የተለየ ሱጁድ ማዘጋጀቱ ሰጋጅ እንደሚረሳ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑን ያስረዳል።

ስለ ሶላት አስፈላጊነት ሲነገር «ሶላት ከመጥፎና ከሚጠላ ነገር ትከለክላለች» (አል-ዐንከቡት 29፡45) የሚለው አንቀጽ መጠቀሱ አይቀርም። አንዳንዶች አንቀጹን ሰውን ለመውቀሻ ያውሉታል፤ «እየሰገድክ እንዲህ ካደረግህ ሶላትህ ከንቱ ነው» ይላሉ። አንቀጹ ግን የሚናገረው ሶላት በሰው ላይ ስለምትሠራው ሥራ ነው፤ ሥራዋም ጊዜ ይወስዳል። ነቢዩ በደጃፉ ወንዝ የሚፈስለትና በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው እድፍ ይቀርበታልን ብለው ሰሃቦችን ጠይቀው፣ እነርሱም አይቀርበትም ሲሉ አምስቱ ሶላቶች ኃጢአትን እንዲሁ እንደሚያጥቡ ነግረዋቸዋል። አንድ ጊዜ ታጥቦ ወዲያው ዳግመኛ የቆሸሸ ሰው መታጠብ ምን ይጠቅመኛል ብሎ ከውኃው አይርቅም። በሌላ በኩል የአል-ማዑን ምዕራፍ ሶላትን መዘንጋትን፣ የቲምን መገፍተርንና ጥቃቅን እርዳታን መከልከልን በአንድ ላይ ማንሳቱ በአጋጣሚ አይደለም። ዐሊ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት የነቢዩ የመጨረሻ አደራም «ሶላትን፣ ሶላትን! በእጃችሁ ሥር ስላሉትም አላህን ፍሩ» የሚል ነበር። ሶላት ሰውን ወደ ሰው መመለስ አለባት። ሥራሽ የታመመን ማገልገል እንደመሆኑ፣ ሰግደሽ ስትመለሺ ለበሽተኛው ቃልሽ የለዘበ፣ ትዕግሥትሽ የረዘመ ከሆነ ሶላትሽ በአንቺ ላይ እየሠራች ነው፤ ልብሽ ውስጥ ምንም ባይሰማሽ እንኳ። ብዙ ሰዎች ኹሹዕን (በሶላት ውስጥ የልብ መገኘትን) በለቅሶና በስሜት ብቻ እየለኩ ይህን ትልቅ ምልክት ያልፉታል።

አሁን ወደ ፈረቃሽ። የሐበሻው ልጅ ቢላልን (ረ.ዐ.) ነቢዩ «ቢላል ሆይ፣ በሶላት አሳርፈን» ይሏቸው እንደነበር አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ሶላት ከሥራ የሚያሳርፍ እንጂ በሥራ ላይ የሚደረብ ሸክም እንዳይሆንብሽ ወቅቶቹን በስፋታቸው እወቂያቸው። በአዲስ አበባ ዙህር ከቀትር ጥቂት አለፍ ብሎ ገብቶ ዐስር እስኪገባ ሦስት ሰዓት ገደማ አለው፤ አራት ረከዓ በእርጋታ ለመስገድ ደግሞ ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ዐስር እስከ ፀሐይ መጥለቅ ይዘልቃል፤ ፀሐይዋ ወደ ቢጫነት እስክትለወጥ ማዘግየት ግን የተጠላ ነው። ጠባቡ መግሪብ ነው፤ ቀዩ ወጋገን ከጠፋ ያልፋል። ዒሻእ እስከ እኩለ ሌሊት ሰፊ ነው፤ ለተቸገረ ሰው ደግሞ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ እስከ ጎሕ መቅደድ ይደርሳል። የሌሊት ፈረቃ ስትሠሪ ሱብሒን ከሆስፒታሉ ሳትወጪ ስገጂ እንጂ ቤት ደርሼ እሰግዳለሁ አትበይ፤ ፀሐይ መንገድ ላይ ትወጣብሻለች።

መስጂድ ወይም የተለየ ክፍል አለመኖሩ ምክንያት አይሆንም፤ ለነቢያችን ምድር ሁሉ መስገጃና ማጥሪያ ተደርጋለች። ንጹሕ ጨርቅ በቦርሳሽ ያዢ፤ በሥራ ልብስሽ ላይ ደም ወይም ሌላ ነጃሳ (ርኩስ ነገር) ካለበት አውልቀሽው ወይም ቀይረሽ ስገጂ። እግር ማጠብ ከተቸገርሽ ውዱእ ይዘሽ በተጫማሽው ቁርጭምጭሚትን በሚሸፍን የቆዳ ኹፍ ላይ እስከ አንድ ቀንና ሌሊት ማበስ ይፈቀድልሻል፤ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ነው። በጨርቅ ካልሲ ላይ ስለ ማበስ ግን ሊቃውንት ስለሚለያዩ የአካባቢሽን ዓሊም ጠይቂ።

በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ገብተሽ መውጣት የማይቻልበት ሁኔታ ቢመጣስ? ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ነቢዩ በመዲና ሳሉ ያለ ፍርሃትና ያለ ዝናብ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ጋር አጣምረው እንደሰገዱ ተናግረው፣ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁም «ኡማቸውን እንዳያስቸግሩ ፈልገው ነው» ብለዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። በዚህ ላይ ተመሥርተው ከሊቃውንት ከፊሉ ልማድ እስካልተደረገ ድረስ ለእውነተኛ ችግር ማጣመርን ፈቅደዋል፤ ሌሎች ደግሞ በጉዞና በመሰል ምክንያቶች ብቻ ወስነውታል። የሰው ሕይወት በእጅሽ ላይ ባለበት ሰዓት የፈቀዱትን መከተል ሶላቱን ከማሳለፍ እጅግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለተራ የሥራ ብዛት ግን ይህን በር አትክፈቺው። ዐስርን ከመግሪብ ጋር፣ ዒሻእን ከሱብሒ ጋር፣ ሱብሒንም ከዙህር ጋር ማጣመር በማንም ዘንድ የለም።

ተኝተሽ ወይም ረስተሽ ወቅቱ ካለፈብሽ ባስታወስሽ ጊዜ ስገጂው፤ ሌላ ማካካሻ የለውም። ነቢዩና ሰሃቦች ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊቱን ተጉዘው ደክመው ሲያርፉ ቢላል እንዲጠብቁ ታዘው ነበር፤ እርሳቸውንም እንቅልፍ ወሰዳቸውና ሁሉም የነቁት ፀሐይ ከሞቀቻቸው በኋላ ነው። ነቢዩ ቢላልን አልገሠጿቸውም፤ ከሥፍራው ጥቂት ፈቀቅ ብለው ሶላቱን ሰገዱ። እያወቁ በሥራ አሳብቦ ያሳለፉት ሶላት ግን ከበድ ያለ ነው፤ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ተውበትም (ንስሓም) ቀዷእም (ያለፈውን ቆይቶ መስገድም) ያስፈልገዋል። ባለፉት ወራት ያለፈብሽን ብዛት በግምት፣ ወደ መብዛቱ አድልተሽ ቁጠሪ፤ ከዚያ ከየዕለቱ ዙህር ጋር አንድ ያለፈ ዙህር፣ ከየዕለቱ ዐስር ጋር አንድ ያለፈ ዐስር እያደረግሽ ቀስ በቀስ ክፈዪ። ስትቆጥሪ የወር አበባ ቀናትሽን አውጪ፤ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደተናገሩት በእነዚያ ቀናት የቀረ ጾም ቀዷእ ሲወጣ የቀረ ሶላት ግን ቀዷእ አይወጣም።

አላህ ይበልጥ ያውቃል።